ከነጋዴው ሣጥን ግርጌ የሚገኝ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ከሚወጡት ታላላቅ መንገዶች የጅማው በሰበታ፣ የአምቦው በቡራዩ፣ የጎጃሙም በሱሉልታ በኩል ያልፋል። እነዚህ ሦስት ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም፣ ለንግዳችን ግን ከጥንት ጀምሮ በር ሆነው ቆይተዋል። ቡናው፣ ጤፉና ቆዳው በእነርሱ በኩል ወደ መናገሻው ሲገባ፣ ዋጋው ደግሞ በዚያው መንገድ ወደ ባላገሩ ሲመለስ ኖሯል። ስለዚህ ከአባት በተወረሰ የሒሳብ መዝገብ ቅጠሎች መካከል አንድ አሮጌ የብር ኖት ቢገኝ፣ የንግዳችን ምስክር ነውና እንደ ተራ ወረቀት ሊጣል አይገባም።

ኖት ከመምጣቱ አስቀድሞ ገበያችን የሚተማመነው በአሞሌ ጨውና 1780 የሚል ዓመት በተቀረጸበት በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። በ1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የአቢሲንያ ባንክ ሥራውን ጀመረ፤ በ1915 እ.ኤ.አ.ም የመጀመሪያዎቹን ኖቶች አወጣ። ይሁን እንጂ በጥርሱ ነክሶ፣ በድንጋይ ላይ አቃጭሎ ብሩን መመርመር የለመደ ነጋዴ ወረቀቱን ፈጥኖ አልተቀበለውም። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ሲተካውም ኖቶች መታተማቸው ቀጠለ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ሊሬ፣ ከነፃነት በኋላ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በገበያው ዋለ።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ አዲሱን ገንዘብ አወጣ፤ አንዱ ብርም በሁለት ሽልንግ ተተመነ። ኖቶቹ ከ1 እስከ 500 ብር ነበሩ። ሕዝቡ ወረቀቱን እንዲያምን ከብር ማዕድን የተሠራ የ50 ሳንቲም ገንዘብ አብሮ መውጣቱ አስተዋይ ዘዴ ነበር።

የገንዘብ ሰብሳቢዎች ዓይን የሚያርፈው በእንዲህ ያለው ዝርዝር ላይ ነው። የዚያ ዘመን ኖት መልኩ አንድ ቢሆንም፣ የባንኩ ገዥዎች የብላወርስ፣ የቤኔትና የሮዜል ፊርማዎች ይለዩታል። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ብሔራዊ ባንክም በስሙ ኖት አሳትሟል። በ1969 ዓ.ም. የወጣው ኖት ግን የንጉሠ ነገሥቱን ምስል በሠራተኛው ሰው ምስል ለወጠ፤ በ5 ብሩ ላይ ቡና ለቃሚ፣ በ10 ብሩ ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት ታየች።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡና የ200 ብር ኖት ሲጨመር፣ ለልውውጡ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ገንዘቡን በሣጥን ለቆለፈና ቀኑን ላሳለፈ ሰው ሀብቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ገንዘብ ዋጋ የሚኖረው ሕግና እምነት እስከደገፉት ድረስ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ስለዚህ ለንግድ የሚውለው ገንዘብ ባንክ ይግባ፤ ለታሪክ የሚቀመጠው ግን በሣጥን ይኑር፤ ሁለቱ አይደባለቁ።

አሮጌ ኖት ያለው ሰው አይጠበው፣ በካውያ አይተኩሰው፣ የተቀደደውንም በፕላስተር አይለጥፈው፤ ለማሳመር የተደረገው ሁሉ ዋጋውን ይቀንሳልና። ሳያጥፍ በንጹሕ ፖስታ ውስጥ ያኑረው። የሚገዛም ሰው ወረቀቱን፣ ፊርማውንና ቁጥሩን ሳይመረምር አይቸኩል፤ አስመስሎ የታተመ አይጠፋምና።

ከሁሉ በላይ ግን ኖቱ ከማን እንደተወረሰ፣ በየትኛው ገበያና ለምን ዕቃ ዋጋ እንደተከፈለ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቆ በጽሑፍ ማስፈር ይገባል። የኖቱን ዋጋ ገዥ ይተምነዋል፤ ታሪኩን ግን ባለቤቱ ካልጻፈው ማንም አይመልሰውም።