መድኃኒት ስለ ተለወሰ የዘር እህል፤ ለሕዝብ የሚታደል ነገር ሁሉ አስቀድሞ እንዴት እንደሚመረመር

ለሕዝብ የሚሸጥ ወይም የሚታደል ነገር ሁሉ በሁለት ወገን ሊመረመር ይገባል። አንደኛው፥ ነገሩ በባሕርዩ ምን ያህል ጎጂ ነው የሚለው ነው፤ ሁለተኛውም፥ ጉዳቱ በምን መንገድ ወደ ሰው ሊደርስ ይችላል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ጠይቆ ሁለተኛውን የተወ ሹም ሥራውን በግማሽ ትቶታል። በመጋዘን ሳለ ማንንም ያልጎዳ ነገር ከገበሬው ቤት በገባ ጊዜ ገዳይ ሊሆን ይችላልና። በ1971 እና በ1972 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢራቅ አገር የደረሰው መከራ ይህን በግልጥ ያስረዳል።

በኢራቅ ዝናም አንሶ አዝመራው ከተጎዳ በኋላ፥ የአገሩ መንግሥት ብዙ ምርት የሚሰጥ የዘር እህል ከውጭ አስመጣ። ስንዴው 73,000 ቶን ያህል፥ ገብሱም 22,000 ቶን ያህል ነበረ። ዘሩም በሻጋታና አረማሞን በመሰለ በሽታ እንዳይጠፋ፥ ከባዜቃ (ከሜርኩሪ) በተሠራ፥ ሜቲል ሜርኩሪ በሚባል መድኃኒት ተለውሶ ነበር። ይህ መድኃኒት ለዘር ጠባቂ ነው፤ ለሚበላው ሰው ግን ብርቱ መርዝ ነው።

ጥንቃቄ ፈጽሞ አልተደረገም ማለት አይቻልም። እህሉ ከምግብ እህል እንዲለይ በቀይ ቀለም ተነክሯል፤ በጆንያውም ላይ የማስጠንቀቂያ ቃል ተጽፎበታል። ነገር ግን ጽሑፉ በእስፓኝና በእንግሊዝ ቋንቋ ስለ ነበረ ገበሬው ሊያነበው አልቻለም። የሰው ራስ ቅልና አጥንት የተሣለበትም የመርዝ ምልክት በባላገሩ ዘንድ የታወቀ አልነበረም። ቀለሙ ታጥቦ በለቀቀ ጊዜ መርዙም አብሮ የለቀቀ መሰለ፤ መርዙ ግን ከእህሉ ጋር ቀርቶ ነበር።

ከዚህም በላይ፥ ዘሩ በብዙ ስፍራ የደረሰው ገበሬው ከዘራ በኋላ ነው። እህል ያነሰበት ሰው፥ ሊዘራው የማይችለውን ስንዴ በጎታ አስቀምጦ ልጆቹን አያስርብም። ስለዚህ ስንዴው ተፈጭቶ ዳቦ ሆነ፥ ቤተ ሰቡም በላው።

አንዳንዶቹም ገበሬዎች ጠንቃቆች ስለ ነበሩ እህሉን አስቀድመው ለዶሮና ለከብት ሰጥተው ፈተኑት። እንስሳቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ምንም ስላልሆኑ እህሉ ደኅና ነው አሉ። የዚህ መርዝ ጠባይ ግን በሰውነት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየተከማቸ፥ ምልክቱን ከሳምንታት በኋላ መግለጥ ነው። ስለዚህ ፈተናው የሐሰት ምስክር ሆነ፤ በሽታው በታየ ጊዜ ቤተ ሰቡ ለብዙ ሳምንት ዳቦውን ሲበላ ቆይቶ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1971 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሐኪም ቤት ገቡ። በሽታው በእጅና በእግር፥ በከንፈርም ዙሪያ በመደንዘዝ ይጀምራል፤ ቀጥሎ አካሄድ ይሰናከላል፥ ንግግር ይጎለደፋል፥ ዓይንና ጆሮ ይደክማሉ። ወደ ሐኪም ቤት የገቡት 6,530 ሰዎች ሲሆኑ፥ ከእነዚህ ውስጥ 459 ሞቱ። ይህ ቍጥር በየቤታቸው የታመሙትንና የሞቱትን አይጨምርም። ነፍሰ ጡሮች ሳሉ ከበሉት እናቶች ከተወለዱትም ሕፃናት ብዙዎቹ በአእምሮና በአካል ተጎዱ፤ ከእናቲቱ ሕመም የልጁ የበረታበት ጊዜም ነበረ።

የመርዙ ጠባይ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነበረ። በዚያው በኢራቅ በ1956 እና በ1960 ዓ.ም. በባዜቃ መድኃኒት የተለወሰ ዘር ሰው ጎድቶ ነበር። የስዊድን መንግሥትም በ1966 ዓ.ም. ይህን የመሰለውን መድኃኒት ለዘር እንዳይሆን ከልክሏል። እንግዲህ የጎደለው የመርዙ እውቀት አይደለም፤ መርዙ ከጆንያው ወደ ገበታው የሚሄድበትን መንገድ አስቀድሞ መመልከት ነው።

ስለዚህ ለሕዝብ የሚሰጠውን ነገር የሚመረምር ሹም አምስት ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል። አንደኛ፥ ነገሩ በባሕርዩ ምን ጉዳት ያመጣል? ጉዳቱስ የሚድን ነው ወይስ የማይድን? ሁለተኛ፥ በማን እጅ ይገባል? ያ ሰው ምን ቋንቋ ያነባል፥ የትኛውን ምልክት ያውቃል? ሦስተኛ፥ ከታሰበለት ሥራ ውጭ በቤት ውስጥ ለምን ሥራ ሊውል ይችላል? በረኃብ ወይም በችግር ጊዜስ? አራተኛ፥ ጉዳቱ ወዲያው ይታያል ወይስ ተሰውሮ ይቆያል? ተሰውሮ የሚቆይ ከሆነ፥ ሰው በራሱ ፈትኖ ሊያውቀው አይችልምና ጥበቃው እጥፍ ሊሆን ይገባል። አምስተኛ፥ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ማን ነው? ለጤነኛ ጎልማሳ ቀላል የሆነው ነገር ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ከባድ ይሆናልና።

ለእነዚህ መልስ ከተገኘ በኋላ መከላከያው በተራ ይመረጣል። ከሁሉ የሚሻለው፥ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ጉዳቱ ያነሰ ሌላ ነገር ሲገኝ ጎጂውን መተው ነው። ይህ ባይሆን መጠኑን ለሚያስፈልገው ሥራ ብቻ መወሰን፥ በጊዜውም ማድረስ ያስፈልጋል። የማስጠንቀቂያ ጽሑፍና ሥዕል ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው። ጽሑፍ ለሌላው ጥበቃ ማጠናከሪያ እንጂ ምትክ አይሆንም።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ ላለ ሹምና ባለ እርሻም ቅርብ ነው። በአገራችንም ለገበሬ የሚታደለው ምርጥ ዘር መድኃኒት ተለውሶ፥ ቀለም ተነክሮ የሚመጣበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱ በኢራቅ እንደ ነበረው ያለ ባይሆንም ለምግብ የተዘጋጀ አይደለም። ዘሩ የሚታደልበትም ወራት በብዙ ስፍራ ጎተራ የሚራቆትበት ወራት ነው። ስለዚህ የወረዳ ሹም ዘር ሲያከፋፍል፥ ወይም ባለ እርሻ ለሠራተኞቹ ዘር ሲሰጥ፥ ጆንያውን ከምግብ እህል ለይቶ ያኑር፤ ለማን ምን ያህል እንደ ሰጠ በመዝገብ ይጻፍ፤ ማስጠንቀቂያውን በአገሩ ቋንቋ፥ እህሉን ለምታስፈጨውና ለምትጋግረው ለቤት እመቤት ጭምር በቃል ያሰማ። የመዝራት ጊዜ ያለፈበት ዘር ከመጣ ዝም ብሎ አያድል፤ በመጋዘን ጠብቆ ለላከው መሥሪያ ቤት ያስታውቅ። የተረፈውን የሚመልስ ገበሬም ቅጣት እንዳይፈራ፥ በምትኩም የሚበላ እህል እንዲያገኝ ቢደረግ የተሰወረው ሁሉ ይወጣል።

የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካንም በዚሁ መንገድ ይመረመራል። መድኃኒቱ ቢያልቅም ዕቃው ለውሃና ለዘይት መያዣ ስለሚፈለግ፥ አደጋው ከመድኃኒቱ ጋር አላለቀም። ዕቃው ተበስቶ ከአገልግሎት ካልወጣና ተሰብስቦ ካልተመለሰ በስተቀር፥ በላዩ የተጻፈው ቃል ውሃ የምትቀዳውን ልጅ አያድናትም።

በኢራቅ ሕዝቡ የተጎዳው እብድ ወይም ሰነፍ ስለ ነበረ አይደለም፤ የራበው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ስላደረገ ነው። መልካም ምርመራ ማለትም ይህን አስቀድሞ አስቦ፥ ጆንያው ከመጋዘን ሳይወጣ መልስ ማዘጋጀት ነው።