ከቤተ ልሔም ኮከብ እስከ ጨጨሆ በር
የኢትዮጵያና የሩሲያ ወዳጅነት በልደት በዓል ሲታሰብ

የልደት በዓል በተቃረበ ቍጥር ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚነሡ ምእመናን በሶአቸውን ቋጥረው፣ በትራቸውን ጨብጠው፣ በጨጨሆ በኩል ወደ ላሊበላ ይጓዛሉ። ዳገቱ ብርቱ፣ ብርዱም አጥንት የሚሰብር ነው፤ ነገር ግን የበዓሉ ናፍቆት ድካሙን ያስረሳል። በዚያችው ሌሊት ከእኛ እጅግ ርቀው በሚገኙት በሞስኮና በሴንት ፒተርስበርግ አብያተ ክርስቲያናትም የልደት ደወል ይደወላል። እኛ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን የምናከብረው በዓል፣ የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በጥንቱ የዩልዮስ አቈጣጠር ከምታከብረው ቀን ጋር አንድ ነው። ሁለቱም በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ጃንዋሪ 7 ላይ ይገናኛሉ።

ክቡራን አንባብያን፣ ይህ የበዓል መገጣጠም የሁለቱን አገሮች የቆየ ግንኙነት እንድናስታውስ ምክንያት ይሆነናል። ምእመናን ዛሬ በሚረግጡት በዚያው የጋይንት መንገድ ከአንድ መቶ ኀምሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ሌላ ከባድ ጉዞ ተደርጓል። በዚያ ጉዞ የሩሲያ ከተማ ስም በኢትዮጵያ ዳገት ላይ በገመድ ተጐትቷል። የነገሩ መነሻ ደግሞ የጌታ መወለጃ የሆነችው ቤተ ልሔም ናት።

የጠፋው ኮከብ

በቤተ ልሔም በልደት ዋሻ ውስጥ ጌታ የተወለደበትን ስፍራ የሚያመለክት የብር ኮከብ አለ። በ1840 ዓ.ም. መባቻ ይህ ኮከብ ከቦታው ጠፋ። ቀድሞውንም ስለ ቅዱሳት መካናት ይዞታ ይካሰሱ የነበሩት ግሪኮችና ላቲኖች እርስ በርስ ተወነጃጀሉ። ፈረንሳይ ለላቲኖች፣ ሩሲያም ለኦርቶዶክሳውያን ቆሙ። በመካከል የነበረው የቱርክ ሱልጣን ለአንዱ የሰጠውን ተስፋ ለሌላውም እየሰጠ ነገሩን አወሳሰበው። የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ቍልፍ ለማን ይገባል የሚለው ጥያቄ፣ ከነገሥታቱ የግዛት ፉክክር ጋር ተዳምሮ የክሪሚያን ጦርነት ወለደ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ተሰልፈው በጥቍር ባሕር ዳርቻ ያለችውን የሩሲያን የጦር ወደብ ሴባስቶፖልን ከበቡ።

ከበባው የተጀመረው በጥቅምት 1847 ዓ.ም. ሲሆን ከተማዪቱ የተያዘችው በዚያው ዓመት በወርኀ ጳጉሜን ነው። በዚያች በአንዲት ዓመት መካከል፣ በየካቲት፣ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

በዚያው ዘመን በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት በዴር ሡልጣን ገዳማቸው ምክንያት በብርቱ ይጨነቁ ነበር። ጠበቃ የሚሆን ቆንስላ አልነበራቸውም። በ1840 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም የገባው የሩሲያ መንፈሳዊ ልዑክ አለቃ አርኪማንድሪት ፖርፊሪ ኡስፔንስኪ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጠይቆና ጽፎ ለአገሩ ሊቃውንት አሳወቀ። ስለዚህ ሁለቱ ሕዝቦች በቤተ መንግሥት ከመተዋወቃቸው አስቀድሞ በመካነ መቃብሩ ደጃፍ ተያይተዋል ማለት ይቻላል።

ሴባስቶፖል በጋይንት ምድር

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው በጋፋት የመድፍ ማቅለጫ አቋቋሙ። በዚያ ከሠሩት አውሮፓውያን አንዱ ሞሪትዝ ሆል የፖላንድ ተወላጅ ሲሆን፣ ከሩሲያ ጦር ከድቶ የወጣ ሰው ነበር። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ታላቁ መድፍ ተሠራ፤ ስሙም ሴባስቶፖል ተባለ። የጥቍር ባሕሩ ጦርነት ዜና እስከ ቤጌምድር መድረሱን ከዚህ ስም የበለጠ የሚመሰክር የለም።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ መድፉን አስከትለው ነበር። ጋይንትን አቋርጠው፣ በጨጨሆ ወደ ዋድላ ተሻግረው፣ የጅጣን ገደልና የደላንታን አምባ አልፈው፣ በሺሎን ወርደው እስኪወጡ ድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። መንገድ በሌለበት መንገድ ተጠረገ፤ ድንጋዩም ተፈነቀለ፤ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር በእጃቸው ይሠሩ ነበር። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ገመዱን በትከሻቸው ይዘው ያን ብረት ዳገት አወጡት፤ ቍልቍለትም አወረዱት።

የዚህን ጉዞ ገድል ታሪክ በአድናቆት ይተርከዋል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን የቤጌምድር ገበሬ በዚያ ዘመን የከፈለውን ዋጋ መርሳት አይገባም። ጐተራው ተራቍቷል፤ ከብቱ ተነድቷል፤ መንደሩም ተቃጥሏል። መድፉ መቅደላ ቢደርስም ንጉሡን አላዳነም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ፤ ሴባስቶፖልም በመቅደላ አምባ ቀረ። ከሩሲያ ጋር የነበረን የመጀመሪያው ዝምድና እንግዲህ የስም ብቻ ነበር፤ የስሙም ሸክም በሕዝቡ ትከሻ ላይ ወደቀ።

መልእክተኞች ሲመላለሱ

በ1880 ዓ.ም. የሩሲያ ሕዝብ ክርስትናን የተቀበለበት 900ኛ ዓመት በኪየቭ ሲከበር ሁለት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት በበዓሉ ተገኙ። በሚቀጥለው ዓመት አሺኖቭ የተባለ የኮሳኮች መሪ ከአርኪማንድሪት ፓይሲ ጋር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በሳጋሎ ወርዶ ሰፈረ። ቦታውን የእኔ ነው የምትለው ፈረንሳይ በመርከብ መድፍ ደበደበችው፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። የሩሲያ መንግሥት ሰውየውን አላውቀውም ብሎ ካደው። ያለ ሕጋዊ ውክልና በሃይማኖት ስም የሚደረግ ጀብዱ ፍጻሜው ምን እንደሚሆን ይህ አጋጣሚ ያስተምራል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሥርዓት እየያዘ ሄደ። ሌተና ማሽኮቭ በ1882 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ፤ ሁለተኛም ተመልሶ መጣ። ኢጣልያ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ይዛ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት ባለች ጊዜ ሩሲያ አልተቀበለቻትም። በ1887 ዓ.ም. ክረምት ፊታውራሪ ዳምጠውና ጓደኞቻቸው ሴንት ፒተርስበርግ ገብተው በዳግማዊ ኒቆላዎስ ፊት ቀረቡ፤ በሟቹ ንጉሥ በሣልሳዊ አሌክሳንድር መቃብር ላይም የአበባ ጉንጉን አኖሩ። ከዓድዋ ጦርነት በፊት ጥቂት ወራት ሲቀሩ የተደረገ ጉዞ በመሆኑ ክብደቱ ታላቅ ነበር።

የቀይ መስቀል ድንኳን

ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. ክረምት፣ በጄኔራል ሽቬዶቭ የሚመራ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገባ። ሐኪሞቹ በጦርነቱ የቈሰሉትንና በልዩ ልዩ ደዌ የተያዙትን አከሙ። በየካቲት 1890 ዓ.ም. በቭላሶቭ የሚመራው መደበኛ የዲፕሎማቲክ ሚሲዮን ሲመጣ የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ጸና። የሩሲያ ሆስፒታልም ለስምንት ዓመታት ያህል ሲያገለግል ቈየ። በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተሠራው ሆስፒታል የተተከለው በዚያው ስፍራ ነው።

ከቀይ መስቀሉ ጋር የመጣው መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ተጕዞ ያየውን በመጽሐፍ አስፍሯል። ይህ ፈረሰኛ በኋላ ሰይፉን ሰቅሎ መንኵሶ አባ አንቶኒ ተብሎ በአቶስ ተራራ ኖረ። ከእኛም ወገን ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። እኚህ ሰው በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ በፋሽስት ወረራ ዋዜማም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ስለ አገራቸው ተሟገቱ። መድፍ ሊተኵስ የተማረው እጅ ብዕር ይዞ አገርን አገለገለ።

ዘውዶች ከወደቁ በኋላ

በ1909 ዓ.ም. በሩሲያ አብዮት ፈነዳ፤ ዘውዱ ወደቀ፤ ቤተ ክርስቲያንም መከራ ተቀበለች። ፓትርያርክ ቲኮን በ1914 ዓ.ም. ታሰሩ። አዲሱ የሶቪየት መንግሥት ኢጣልያ ኢትዮጵያን መያዝዋን አላጸደቀም፤ ይሁን እንጂ በጦርነቱ ጊዜ ለወራሪው ነዳጅ መሸጡን አላቋረጠም ነበር። የመንግሥታት ወዳጅነት እንዲህ ሁለት ገጽ አለው።

በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ዲፕሎማቲክ ግንኙነታቸውን አደሱ። በደጃዝማች ባልቻ ስም የሚጠራው ሆስፒታል ተከፈተ። በ1951 ዓ.ም. ክረምት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሞስኮን ሲጐበኙ የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ተፈቀደ። ብድሩ በሙሉ ሥራ ላይ ባይውልም የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ተሠርቶበታል። በሶቪየት ርዳታ የቆመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትም በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ። ቅድመ አያቶቻቸው ሴባስቶፖል ሲጐተት ላዩት ለቤጌምድር ልጆች ይህ ትምህርት ቤት ቅርብ የሆነ የሙያ ደጅ ሆነላቸው። ኢንስቲትዩቱ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል።

በእኛም አገር ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. መባቻ ወደቀ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የኢትዮጵያና የሶቪየት ኅብረት የወዳጅነት ውል በሞስኮ ተፈረመ። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ከሶቪየት የመጣው መሣሪያ አገሪቱን ከመቈረስ ለማዳን ረድቷል፤ ኋላ ግን በወንድማማቾች ጦርነት ተተኵሶ የእናቶችን ማሕፀን አራቁቷል። የመሣሪያው ዕዳ ብዙ ዓመት ቆይቶ አብዛኛው በሩሲያ ተሰርዟል፤ የጠፋው ሕይወት ግን የሚሰረዝ ዕዳ አይደለም።

ስለ ሃይማኖት አንድነት

ብዙዎች የሁለቱን አገሮች ወዳጅነት «የአንድ ሃይማኖት» ፍሬ አድርገው ይናገራሉ። እውነቱን መናገር ይገባል። በ451 ዓመተ ምሕረት በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት በቅዱስ ቍርባን አይተባበሩም፤ እኛ ተዋሕዶን፣ እነርሱም የኬልቄዶንን ትምህርት ይዘናል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ብዙ የሩሲያ ሰዎች ይህን ልዩነት አቅልለው አይተውት ነበር። የተሻለው መንገድ ልዩነቱን አውቆ መነጋገር ነው። በጥር 1963 ዓ.ም. የምሥራቅና የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ ሊቃውንት በአዲስ አበባ ተሰብስበው የተወያዩት በዚህ መንፈስ ነበር። ከእኛም ወጣቶች በሌኒንግራድ መንፈሳዊ አካዳሚ ተምረው ተመልሰዋል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ ሞስኮን ጐብኝተው ከፓትርያርክ ኪሪል ጋር ተገናኝተዋል።

በመንግሥት በኩልም ግንኙነቱ ቀጥሎ፣ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሩሲያ ካለችበት የብሪክስ ማኅበር ገብታለች። ሴባስቶፖል ከተማ ግን ዕረፍት አላገኘችም። በ2006 ዓ.ም. ሩሲያ ክሪሚያን ከያዘች ወዲህ የሩሲያና የዩክሬን መከራከሪያ ሆናለች፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነትም የአንድ ጥምቀት ልጆችን አጋድሏል። በቤተ ልሔም ኮከብ ሰበብ የተቀጣጠለውን የጥንቱን ጦርነት ያስታወሰ ሰው ልቡ ያዝናል።

ክቡራን አንባብያን፣ የዚህ ረጅም ታሪክ ትምህርት አጭር ነው። ከሩሲያ ጋር ካሳለፍነው ዘመን ውስጥ የመድፉ ስም በመቅደላ አምባ ዝጎ ቀርቷል፤ የሐኪሞቹ ድንኳን ግን ሆስፒታል ሆኖ በሽተኛ ይፈውሳል፤ ትምህርት ቤቱም ልጆች ያስተምራል። በመንግሥታት መካከል የሚጸናው ወዳጅነት ለደካማው ሰው ደርሶ ሸክሙን የሚያቀልለት ነው። በጨጨሆ ዳገት በትሩን ተመርኵዞ ወደ ላሊበላ የሚወጣው የስማዳ ገበሬ የማንንም መንግሥት መድፍ አይጐትትም፤ የያዘው ስንቁንና ጸሎቱን ነው። የሰላም አለቃ በግርግም የተወለደበትን ቀን ለማክበር ከዚህ የበለጠ ጓዝ አያስፈልግም።

መልካም የልደት በዓል ያድርግልን።