«ብርድ ነው» የተባለው ጉልበት

ጉልበት ሲያም እኛ አገር ምርመራው ከሐኪሙ በፊት ያልቃል። ጎረቤት «ብርድ ነው» ይላል። ዘመድ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ቀንስ» ይላል። ወጌሻው «ወለም ብሎ ነው» ብሎ ቅቤውን ያሞቃል። አንዳንዴ ልክ ይሆናሉ፤ አብዛኛው የጉልበት ሕመም እውነትም ከዕድሜ፣ ከጉዳት ወይም ከቁርጥማት የሚመጣ ነው። መከራው ከእነዚህ ውጪ በሆነ በሽታ ለተያዘ ሰው ነው።

እንዲህ ካሉት በሽታዎች አንዱ ሲኖቪያል ኮንድሮማቶሲስ ይባላል። ስሙ ምላስ ያስራል እንጂ ነገሩ ለመረዳት ያን ያህል አይከብድም። መገጣጠሚያዎቻችን ከውስጥ ስስ ሽፋን አላቸው። የሽፋኑ ሥራ መገጣጠሚያውን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ማመንጨት ነው፤ ለማሽን ዘይት እንደማለት። በዚህ በሽታ ግን ሽፋኑ ሥራው ያልሆነውን ይጀምራል። የአፍንጫችንን መሐል እንደሚከፍለው ያለ ለስላሳ አጥንት ፍሬ ፍሬ እያደረገ ያበቅላል። ፍሬዎቹ እየተቀነጠሱ መገጣጠሚያው ውስጥ ይወድቃሉ። ወድቀውም አይሞቱም፤ ከፈሳሹ እየተመገቡ ያድጋሉ፣ ብዙዎቹም ካልሲየም እያከማቹ ይደድራሉ። የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ አሉ፣ ከሽምብራ የሚበልጡም አሉ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ነው። ጉልበት ቀዳሚው ነው፤ ዳሌ፣ ክርንና ትከሻ ይከተላሉ። ከ30 እስከ 50 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ወንዶችን ከሴቶች በእጥፍ ገደማ ያጠቃል። ተላላፊ አይደለም። ካንሰርም አይደለም።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በአጎቴ ምክንያት ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ዕድሜው 44፣ መኪናው በእግር የሚረገጥ ሲንጀር። ቀኝ ጉልበቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያብጥና ሲጎድል ከረመ። አንዳንዴ መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ሊዘረጋው ቢል እምቢ፣ ሊያጥፈው ቢል እምቢ። «ማጠፊያው ውስጥ ጠጠር የገባ ነው የሚመስለኝ» ይል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አጎቴ ግን አልደበቀም። ወጌሻ ጋ ሄደ፣ ጠበል ተጠመቀ፣ ሁለት ክሊኒክ ማስታገሻ መርፌ ተወጋ። አንድም ቀን ግን «ራጅ ተነሳ» ያለው አልነበረም። በመጨረሻ ሌላ ቦታ ያገኘናት ወጣት የአጥንት ሐኪም ራጅ አዘዘችለት። ፊልሙ ላይ ጉልበቱ ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተበትነዋል። «ጋሼ፣ ጠጠር ያሉት እኮ ትክክል ነው» አለችው።

«እጢ» የሚለውን ቃል ስታነሳ ቤተሰቡ ለቅሶ ቤት መሰለ። በእኛ ጆሮ እጢ ማለት ካንሰር ነዋ! «ካንሰር አይደለም» ስትል ደግሞ አጎቴ «እንግዲያው ተዉኝ፣ ሥራዬን ልሥራበት» አለ። ሁለቱም ስሜት ይገባኛል፤ ሁለቱም ግን ሰውን ይጎዳል። የፈራ ከሕክምና ይሸሻል። የተዘናጋውን ደግሞ ፍሬዎቹ ጉልበቱን ከውስጥ እየፋቁ ያለ ዕድሜው ያስረጁበታል። ወደ ካንሰር የሚለወጠውም በጣም ጥቂት ቢሆን ነው እንጂ ጭራሽ የለም አይባልም። ክትትል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በሽታው አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ጉልበት ውስጥ ስለሚንቀሳቀሱ እንዲህ ያሉ ነገሮች የጻፈው በ1558 እ.ኤ.አ. ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሚልግራም የተባለ ሐኪም በሽታውን በሦስት ደረጃ ከፈለው። በመጀመሪያው የታመመው ሽፋኑ ብቻ ነው፤ የወደቀ ፍሬ የለም። በሁለተኛው ሽፋኑም እያበቀለ ነው፣ ፍሬዎቹም እየወደቁ ናቸው። በሦስተኛው ሽፋኑ ማብቀሉን አቁሟል፣ ፍሬዎቹ ግን ቀርተዋል።

ይህ ክፍፍል ለታካሚው ትልቅ ትርጉም አለው። ፍሬዎቹ ካልደደሩ ራጅ ላይ ላይታዩ ይችላሉ፤ ያኔ ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ሕክምናውም በክኒን ሳይሆን በቀዶ ሕክምና ነው፤ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ በማስገባት ወይም መገጣጠሚያውን በመክፈት ይሠራል። የቀሩት ፍሬዎች ብቻ ከሆኑ እነሱን ማውጣት ሊበቃ ይችላል። ሽፋኑ ገና እያበቀለ ከሆነ ግን እሱንም ማንሳት ሊያስፈልግ ይችላል። ተሠርቶም የሚመለስበት ሰው አለ።

ኢኮኖሚክስ ስማር «የፍለጋ ወጪ» የሚባል ነገር ነበር። ሰው የሚፈልገውን እስኪያገኝ ድረስ የሚያወጣው ገንዘብና ጊዜ ማለት ነው። የአጎቴን የሂሳብ ደብተር ይዤ ሦስቱን ዓመት ደመርኩት። መርፌው አለ፣ የወጌሻው አለ፣ ታክሲው አለ። ከሁሉም የበለጠው ግን ደረሰኝ የሌለው ነው፤ ሱቁ ተዘግቶ የዋለባቸው ቀናት። ራጁ ከዝርዝሩ ውስጥ ከትንንሾቹ ወጪዎች አንዱ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን እንኳ የቀጠረው የመስከረም ዩኒፎርም ስፌት ካለፈ በኋላ ነው፤ የዓመቱ እንጀራ ያለው እዚያ ላይ ነዋ። ሐኪሟም ተስማማች። አሁን መኪናውን ይረግጣል፣ ቀጠሮውንም አያጓድልም።

ለጉልበት ሕመም ሁሉ ራጅ ይታዘዝ ማለቴ አይደለም፤ አገሪቱም አትችለውም። ነገር ግን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ በተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባሉ ጉዞውን የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ እዚያ ያለው ባለሙያ መቼ ሪፈር ይጻፍ የሚለው ነው። የሚቆለፍ፣ በተደጋጋሚ የሚያብጥ፣ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ያለ የሚመስል ጉልበት ወይም ክርን ለወራት በማስታገሻ ብቻ ሊያዝ አይገባም። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ ቢሆንም መታየት አለበት።

እርስዎም እንዲህ ያለ ምልክት ካለብዎት ሕመሙን በራስዎ ቃል ይንገሩ። «ያመኛል» ብቻ ብለው አይለፉ፤ መቼ ይቆለፋል፣ ስንት ቀን ያብጣል፣ ምን ሲሠሩ ይብሳል የሚለውን ዘርዝሩ። ከዚህ በፊት ራጅ ተነስተው ከሆነ ፊልሙን አይጣሉት፣ ይዘው ይሂዱ።