የቻይናው ቅጠልና የድሬዳዋ ወባ

ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ፣ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ነው። ወባ ዝናብን ተከትሎ ይመጣል የሚለው የቆየ ግምት ግን በዚሁ ከተማ ፈርሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በድሬዳዋ ዓመቱን ሙሉ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 205 ሲሆኑ፣ በ2022 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነዋል። ዋነኛዋ ምክንያት አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የተባለች፣ ከእስያ የመጣችና በሀገራችን በ2016 በቀብሪ ደሃር መጀመሪያ የታየች ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ ረግረግ አትሻም፤ ክዳን የሌለው በርሜል ይበቃታል።

ወባ በበረታ ቁጥር «የአርቴሚሲያን ቅጠል አፍልቶ መጠጣት ይበቃል» የሚል ምክር ይሰማል። ምክሩ ከባዶ የተነሣ አይደለም። አርቴሚሲያ አኑዋ፣ በቻይናውያን አጠራር ቺንግሃዎ፣ ለትኩሳት መድኃኒትነቱ በ4ኛው መቶ ዘመን በጌ ሆንግ መጽሐፍ ተመዝግቧል። ሊቁ ያዘዘው ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ጭማቂው እንዲጠጣ እንጂ እንዲፈላ አልነበረም። ቱ ዩዩ የተባለችው ቻይናዊት ተመራማሪ ይህን ልብ ብላ ሙቀት የቅጠሉን ኃይል ሳያጠፋው አይቀርም ስትል አሰበች፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም በአነስተኛ ሙቀት አርቴሚሲኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ለማውጣት በቃች። ለዚህም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኮአርተም የዚሁ ቅጠል ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ቅጠሉን የሚያደንቅ ሰው ክኒኑን የሚንቅበት ምክንያት የለም።

ሻዩ ግን ክኒኑን አይተካም። አርቴሚሲኒን በውኃ በደንብ አይሟሟም፤ መጠኑም እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩና እንደ አደራረቁ ይለያያል። በኮንጎ ተካሂዶ በ2004 በታተመ ጥናት ሻዩን ከጠጡት ሕሙማን በአማካይ 74 በመቶው በሰባተኛው ቀን ተውሳኩ ከደማቸው ጠፍቶላቸው ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ብዙዎቹን በሽታው ተመልሶባቸዋል። አደገኛው ነገር ይህ ነው፤ ትኩሳቱ ሲበርድ ሕሙሙ የዳነ ይመስለዋል። ጥቂት ጥቂት የሚወሰድ መድኃኒት ደግሞ ተውሳኩን ያለማምደዋል። በድሬዳዋው ወረርሽኝ ከተገኙት ተውሳኮች መካከል አርቴሚሲኒንን ከመቋቋም ጋር የሚያያዝ የዘር ለውጥ የታየባቸው ስለነበሩ፣ ይህ ለእኛ የሩቅ ሀገር ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ቅጠሉን በሻይም ሆነ በዱቄት ለወባ መከላከያ ወይም ማከሚያ ማዋልን አይደግፍም።

በየቤታችን የምናውቃቸው አሪቲና ጭቁኝ የዚህ ተክል ዘመዶች ቢሆኑም የቻይናውን ያህል አርቴሚሲኒን የላቸውም። ለመዓዛቸው ይወደዱ፤ የወባ መድኃኒት ግን አይደሉም። ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃን ትኩሳት ሲይዛቸው ቅጠል ሲሞከርባቸው አንድ ቀን እንኳ ሊያልፍ አይገባም፤ ከባድ ወባ በሰዓታት ውስጥ አእምሮን ያስታል፣ ይገድላልም።

ካህናትን በተለይ የሚመለከት ጉዳይ አለ። ኮአርተም ለሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ የሚወሰድ ሲሆን፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልሆነ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። በጾም ወራት ባዶ ሆዱን የሚውጥ ወይም የጠዋቱን የሚዘል ሕሙም መድኃኒቱን በከፊል እንዳልወሰደ ይቆጠራል። የንስሐ አባት «በሰዓቱ ብላ፣ ክኒኑንም ጨርስ» ቢለው የሐኪሙ ቃል በእጥፍ ይሰማል። የጾሙን ሥርዓት ለመጠበቅ ለሚሻም በዘይት የተሠራ ወጥ፣ ለውዝ ወይም ሰሊጥ ቅባት ይሰጠዋል።

ሰበካ ጉባኤያትም በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ያሉትን በርሜሎች፣ የውኃ ጋኖችና ታንከሮች በጥብቅ ክዳን ወይም በወንፊት ጨርቅ ይሸፍኑ፤ መሸፈን የማይቻለውን በየሳምንቱ ደፍተው ውስጡን ይፈግፍጉ። እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ከሳምንት ብዙም አይዘገይምና።