የኮምፒውተር የፈሳሽ ማቀዝቀዣ በደጋው ምድር

የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር፣ ማለትም የማሽኑን ስሌት የሚሠራው ዋና ቺፕ፣ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ፣ ሙቀቱ በየጊዜው ካልተወገደለት ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከባሰም ኮምፒውተሩን ያጠፋል። ኢንቴል በ2016 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው ኮር አይ9-14900ኬ በከባድ ሥራ ላይ እስከ 253 ዋት የሚወስድ ሲሆን የሙቀት ጣሪያው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

በተለመደው የአየር ማቀዝቀዣ ሙቀቱ ከቺፑ ወደ ስስ የብረት ክንፎች ይሻገርና ፋን በሚነፋው አየር ይወሰዳል፤ መርጡለ ማርያም፣ ብቸናና ሞጣ በሚገኙበት የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ግን አየሩ ራሱ ስስ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የአየር ክብደት፣ ከባሕር ወለሉ በ22 በመቶ ገደማ ስለሚያንስ፣ 253 ዋት ሙቀት አየሩን በ10 ዲግሪ ብቻ አሙቆ እንዲወጣ በባሕር ወለል በደቂቃ 1.2 ሜትር ኩብ ያህል አየር ሲበቃ በደጋው ወደ 1.6 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ የደጋው ቀዝቃዛ አየር ከስስነቱ የሚመጣውን ጉድለት በከፊል ያካክሳል።

የፈሳሽ ማቀዝቀዣ አሠራሩ ከመኪና ራዲያተር ጋር አንድ ነው። ቺፑ ላይ የሚጣበቀው የመዳብ ብሎክ ሙቀቱን ለፈሳሹ ያስረክባል፤ ፓምፑ ፈሳሹን በቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይገፋዋል፤ ፋኖቹም ሙቀቱን ከራዲያተሩ ያስወጣሉ። አንድ ሊትር ውኃ በደቂቃ ቢዘዋወር 253 ዋቱን ተሸክሞ የሚሞቀው ከ4 ዲግሪ ባነሰ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ ሊያሰጋ ቢመስልም፣ በዝግ ስርዓቱ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ በተለመደ አጠቃቀም ከ60 ዲግሪ በታች ስለሚቆይ ሥጋት አይሆንም።

እዚህ ላይ ግን በጥብቅ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ፈሳሹ ሙቀቱን ያጓጉዛል እንጂ አያጠፋውም፣ በመጨረሻም ሙቀቱን የሚረከበው ያው ስስ አየር ነው። ስለዚህ ለደጋው ተጠቃሚ ጥቅሙ የሚመጣው ፈሳሽ በመግባቱ ብቻ ሳይሆን፣ ራዲያተሩ ሰፊ ሆኖ ብዙ አየር ስለሚያስተናግድ ነው፤ ሦስት ፋን የሚሸከመው ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር ባለ አንድ ፋን ከሆነው ባለ 120 ሚሊሜትር እጅግ የሚሻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ለጽሕፈት፣ ለሒሳብና ለፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ከበቂ በላይ ሲሆን፣ ፈሳሹ ወጪውን የሚያካክሰው ሰዓታት የሚፈጅ የቪዲዮ ቅንብር ወይም የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ሰው ነው።

ከአየር ወደ ፈሳሽ ማቀዝቀዣ በሚለወጥበት ጊዜ የቀድሞው ማቀዝቀዣ ይነሣል፤ በቺፑ ላይ የቀረው ተርማል ፔስት፣ ማለትም በቺፑና በብረቱ መካከል ያሉትን ጥቃቅን ክፍተቶች የሚሞላው ቅባት፣ በአልኮል ተጠርጎ አዲስ ይቀባል፤ ብሎኩ ይታሰራል፤ ራዲያተሩም ከኮምፒውተሩ ሣጥን አናት ላይ ይሰቀላል። አናት ላይ መሰቀሉ፣ በስርዓቱ ውስጥ ያለው የአየር አረፋ ወደ ፓምፑ ሳይሄድ ራዲያተሩ ላይ እንዲቀር ያደርጋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ከማሽኑ ጋር አብሮ ስለሚቆም ቺፑ ላይ ጉዳት አይደርስም፤ ፋን ቢበላሽ በቀላሉ ይተካል፤ የታሸገ ስርዓት ፓምፕ ሲቃጠል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ዕቃው ስለሚለወጥ፣ ከዋና ከተማው ርቆ ለሚሠራ ባለሙያ የቀድሞውን የአየር ማቀዝቀዣ አለመጣሉ ይመከራል።