ወይብ የሚሰወርበት ዋሻ

የዓረፋ በዓል ሲቃረብ የባሌ መንገዶች መልካቸው ይለወጣል። ባላ በትር የያዙ ገሪቦች፣ ስንቃቸውን በአህያ የጫኑ ቤተሰቦች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ከየአቅጣጫው ተሰባስበው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ይጓዛሉ። ከጎሮ በኩል ወደ ጊኒር የሚያልፉት ግን በመንገዳቸው አንድ ሌላ ስፍራ ሳይሳለሙ አይሄዱም። ይህም ስፍራ የሶፍ ኡመር ዋሻ ነው። እኛም ለዚህ የበዓል ገጽ የዋሻውን ነገር ለአንባቢያን ለማቅረብ የመንገደኞቹን ዱካ ተከትለን ነበር።

የዋሻውን ነገር ለመናገር ከተራራው መጀመር ይገባል። ወይብ ወንዝ የሚነሳው ከባሌ ተራሮች ነው። የእነዚህ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል። ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ጠለል በላይ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከዲንሾ ተነስቶ በእግር ወይም በፈረስ ደጋውን የሚያቋርጥ መንገደኛ ወይብን ገና ለጋ ጅረት ሳለ ያገኘዋል፤ ውሃው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው። የደጋው ረግረግና ሣር የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። ከዚህ ተራራ የሚነሱት ወንዞች በታችኛው ቆላ በሚኖር 12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው ይገመታል።

ወይብ ከደጋው ወርዶ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ አየሩ ይሞቃል፤ ጽዱና አስታው ቀርቶ ግራር ይተካል። የምድሩም ድንጋይ ይለወጣል። በዚያ ቆላ ያለው የኖራ ድንጋይ የአፍሪካ ቀንድ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ነው። እዚህ ሲደርስ ወንዙ በኮረብታው ሥር ይገባና ከዓይን ይሰወራል።

ውሃ ድንጋይን እንዴት ይበሳል? ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ በጣም ደካማ አሲድ ይሆናል። ደካማ ቢሆንም የኖራ ድንጋይን የማሟሟት ኃይል አለው። ውሃው በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ እየሰረገ ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ ሺህ ዓመታት ሲደራረቡ ጣት የማያስገባው ስንጥቅ ሰው ቆሞ የሚያልፍበት መተላለፊያ ይሆናል። በሶፍ ኡመር ደግሞ ስንጥቆቹ እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ በመሆናቸው ዋሻው እንደ አሮጌ ከተማ ጠባብ መንገዶች የተጠላለፈ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች እንዲህ በውሃ ተቦርቡሮ ዋሻ፣ ስርጉድና የከርሰ ምድር ወንዝ ያበጀውን ምድር ካርስት ይሉታል።

አሜሪካዊው ተጓዥ ዶናልድሰን ስሚዝ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በዚህ አካባቢ አልፎ፣ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጿል። ዋሻው በዝርዝር የተለካው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዛውያን ዋሻ አጥኚዎች ነው። በልኬታቸው መሠረት መተላለፊያዎቹ በድምሩ 15 ኪሎ ሜትር ግድም ሲረዝሙ መግቢያና መውጫዎቹ 42 ናቸው። በዚህም ሶፍ ኡመር በአገራችን ከሚታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ተብሎ ይጠቀሳል።

የአካባቢው ሰው ግን ዋሻውን በኪሎ ሜትር አይለካውም። እንደ ትውፊቱ ሼክ ሶፍ ኡመር አሕመድ ይህን ዋሻ መጠለያቸውና መስጊዳቸው አድርገው ሲጸልዩበት ኖረዋል። ከመግቢያዎቹ አንዱ ልጃቸው እንደነበሩ በሚነገርላቸው በአዮ መኮ ስም ይጠራል። ከዚያም አስቀድሞ ስፍራው የዋቄፈና አማኞች የሚሰባሰቡበት እንደነበር ይነገራል። እንግዲህ ሰው ወደዚህ ዋሻ በአክብሮት መግባት የጀመረው ከጥንት ነው ማለት ነው።

እኛን የመሩን በዕድሜ የገፉ አንድ የመንደሩ ሽማግሌ ነበሩ። ንግግራቸው በኦሮምኛ ስለነበር ልጃቸው እየተረጎመ ያሰማን ነበር። ከመግባታችን በፊት ቆም ብለው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። በላያችን አንዲት ደመና አልነበረችምና ምክንያቱን ጠየቅናቸው።

«ልጆቼ፣ እዚህ ፀሐይ ነው ብላችሁ አትመኑ» አሉን። «ዝናቡ የሚዘንበው እዚያ ነው፤ ውሃው የሚመጣው እዚህ ነው።»

በአንድ ዐረፍተ ነገር የካርስትን ምድር ሕግ ነገሩን። ሩቅ የዘነበ ዝናብ ወንዙን በድንገት ሊሞላው ይችላል፤ በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ የሚሸሽበት ቦታ አያገኝም። በዝናብ ወራት ወደ ውስጥ የማይገባውም ስለዚህ ነው።

ጫማችንን በእጃችን ይዘን ውሃውን ደጋግመን ተሻገርን። ብርሃኑ ከኋላችን ሲጠፋ የውሃው ድምፅ ጎላ፤ የሌሊት ወፎች ከጣሪያው ተነሥተው በላያችን አለፉ። ከዚያም ዓምዶቹ ወደቆሙበት አዳራሽ ደረስን። እስከ 20 ሜትር ከፍታ እንዳላቸው የሚነገርላቸው እነዚያ ዓምዶች በግንበኛ የተጠረቡ ይመስላሉ። ወንዙ ዙሪያቸውን ሲበላ እነርሱ የቀሩ የኮረብታው አካል ናቸው። ከእኛ መካከል ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ባትሪያችንን ወደ ግድግዳው ስናዞር ግን ሌላም ነገር አየን። በከሰል የተጻፉና በስለት የተፋቁ ስሞች፣ ችቦና ሻማ የለቀቀው ጥቀርሻ፣ በድንጋይ መካከል የተሸጎጡ የፕላስቲክ ጠርሙሶችና ያለቀላቸው የባትሪ ድንጋዮች ነበሩ። ጠርሙሶቹ አንዳንዶቹ ከእኛ ቁመት በላይ ተሰክተዋል። ጎርፉ እዚያ ድረስ እንደሚሞላ የተረዳነው ከእነርሱ ነው።

ጉዳዩ የውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከበደ። በአሸዋና በአፈር ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ቀስ እያለ ስለሚጠለል ብዙው እድፍ በመንገድ ይቀራል። በኖራ ድንጋይ ቦይ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ግን በቧንቧ እንደሚሄድ ውሃ ነው፤ የገባበትን ሁሉ ይዞ ይወጣል። በላይኛው ስርጉድ የተጣለ ጥምብ ወይም ቆሻሻ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ በታችኛው ምንጭ ሊገኝ ይችላል። ምንጩ ከዓለት ሥር ኩልል ብሎ ሲፈልቅ ያየ ሰው ንጹሕነቱን አይጠራጠርም፤ ጥራቱ ለዓይን እንጂ ለጤና ማረጋገጫ አይደለም። ይህ የባሌ ነገር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በመቀሌ ዙሪያ፣ በድሬዳዋና በሐረርጌም የኖራ ድንጋይ ምድር ሰፊ ነው፤ ከዚያው የሚጠጣውም ሕዝብ ብዙ ነው።

አደጋው ከላይም ይመጣል። በተራሮቹ ላይ ሠፈራው፣ ልቅ ግጦሹና ቃጠሎው ሲበረታ ዝናብን ይዞ የሚያቆየው ሣርና ቁጥቋጦ ይሳሳል። ያን ጊዜ ክረምቱ ጎርፍና ደለል፣ በጋው ድርቀት ይሆናል። ወይብ ዋሻውን ካለፈ በኋላ በቆላው ወርዶ ከገናሌ ጋር ይቀላቀላል፤ በጁባ በኩልም እስከ ሶማሊያ ይዘልቃል። የዋሻው አፍ እንግዲህ የብዙ ሕዝብ ውሃ የሚያልፍበት ጉሮሮ ነው።

ይህን ለሽማግሌው ስናነሳባቸው ለአፍታ ዝም አሉ። «ሰው ለዱዓ መጥቶ ውሃውን ካሳደፈ በምን ውዱእ ሊያደርግ ነው?» ሲሉ መልሰው ጠየቁን። በእርግጥም የእስልምና ሥርዓት ለጸሎት መታጠብን ያዝዛል፤ ውሃ በሚቀዳበት፣ ሰው በሚያልፍበትና መንገደኛ በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳትንም ይከለክላል። የሥነ ምድር ሊቅ በመሣሪያ የደረሰበትን ሃይማኖቱ በሥርዓት አስቀድሞ ደንግጎታል። የቀረው የእኛ ፈንታ ነው።

በዚህ በዓል ወደዚያ የሚጓዝ ሁሉ ይዞት የገባውን ይዞ ይውጣ። በችቦ ፈንታ የእጅ ባትሪ ይያዝ፤ ያለቀውንም ድንጋይ ወደ ቤቱ ይመልስ። ስሙን በዓምድ ላይ ለመጻፍ የተነሳ ሰው ዓምዱን ለማቆም ወንዙ የፈጀበትን ዘመን ያስብ። ያለ መሪም አይግባ። የስፍራው ኃላፊዎች በበኩላቸው የመጸዳጃና የቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ ከውሃው ርቆ እንዲዘጋጅ ቢያደርጉ ለመንገደኛውም ለመንደሩም ይበጃል።

በመውጫው በኩል ወደ ብርሃን ስንደርስ ወይብ እንደገና ከፊታችን ነበር። አንዲት ልጅ ከዳር ተንበርክካ በቢጫ ጀሪካን ውሃ ትቀዳለች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ጠለቁና ፊታቸውን ታጠቡ፤ ከዚያም ለሰላት ወደ ቂብላ ዞሩ። እኛም ጥቂት ፈንጠር ብለን ጠበቅናቸው።

ለእስልምና እምነት ተከታዮች በሙሉ መልካም የዓረፋ በዓል እንመኛለን።