ሽያጩ አድጓል፤ ገንዘቡስ ገብቷል?

በማማ ላይ የሚሰቀለውን አንቴና እና ጥሪውን የሚያገናኘውን መሣሪያ የሚያመርቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ጥቂት ናቸው፤ የስዊድኑ ኤሪክሰን፣ የፊንላንዱ ኖኪያ፣ የቻይናዎቹ ሁዋዌ እና ዜድቲኢ ቀድመው ይጠራሉ። ደንበኛቸው ኔትወርክ ዘርጊው ቴሌ ነው። ቴሌ ደግሞ አዲስ ትውልድ ኔትወርክ ሲዘረጋ በገፍ ይገዛል፤ ዝርጋታው ሲያልቅ እጁን ይሰበስባል። ስለዚህ የአንድ ዓመት የሽያጭ ዕድገት ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ገዢው በማን ገንዘብ ገዛ የሚለው ነው። በዚህ ሥራ ሻጩ ራሱ ለገዢው ማበደሩ የተለመደ ነው። ዕቃው ሲላክ ሽያጩ ይመዘገባል፣ ትርፉም ይታያል፤ ብሩ ግን ገና በተሰብሳቢ ሂሳብ ውስጥ ነው።

የአሜሪካው የቴሌኮም መሣሪያ አምራች ሉሰንት ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1996 ከኤቲ ኤንድ ቲ ተለይቶ የወጣው ይህ ኩባንያ በየሩብ ዓመቱ ዕድገት እያሳወቀ የአክሲዮን ገበያው ዓይን ሆኖ ነበር። ዊንስታር ለተባለ ወጣት ኦፕሬተር እስከ 2 ቢሊዮን ዶላር ለማበደር ተስማማ፤ ዊንስታር በ2001 ሲከስር ለሉሰንት ያልከፈለው ዕዳ ነበረበት። ከዚያ በፊትም፣ በታኅሣሥ 2000፣ ሉሰንት ካሳወቀው የአንድ ሩብ ዓመት ገቢ ላይ 679 ሚሊዮን ዶላር ቀንሷል። ከዚህ ውስጥ 452 ሚሊዮኑ ከአከፋፋዮች መልሶ የሚረከበው ዕቃ ነበር። ሽያጭ የተባለው ዕቃ ለመጨረሻው ተጠቃሚ ሳይደርስ አከፋፋዩ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ለእኛም አሠራሩ እንግዳ አይደለም። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከዜድቲኢ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ በብድር የተደገፈ ስምምነት ፈርሟል፤ ብዙ ገጠር ስልክ ያየው በዚያ ዝርጋታ ነው። በዱቤ መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ በእኔ እምነት ልዩነቱ ያለው በገዢው አቅም ላይ ነው። መንግሥት ከጀርባው የቆመ ድርጅት እና በኢንቨስተር ገንዘብ ብቻ የሚንቀሳቀስ ጀማሪ ኩባንያ በአንድ ዓይን አይታዩም።

እንግዲህ የሂሳብ መግለጫ ሲገለጥ፣ ከሽያጩ ጎን ተሰብሳቢው ሂሳብ እና የዕቃው ክምችት በምን ያህል እንዳደጉ ይታይ። እነሱ ከሽያጩ ፈጥነው ካደጉ፣ ዕድገቱ በዱቤና በመጋዘን ላይ የቆመ ሊሆን ይችላል። ትርፉም ከመሣሪያ ሽያጭ መምጣቱ ይጣራ፤ በ1999 ሉሰንት ካሳወቀው ትርፍ ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሆነው የመጣው ከጡረታ ሂሳብ አያያዝ ለውጥ ነበር። በዚያው ዓመት ከመደበኛ ሥራው የገባው ጥሬ ገንዘብ ከወጣው ያንስ ነበር። ሁለቱም በታተመው የዚያ ዓመት ሪፖርት ውስጥ ሰፍረዋል፤ አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ዋጋውን ያጣው ግን በጥር 2000 ኩባንያው የጠበቀውን ትርፍ እንደማያገኝ ሲያስታውቅ ነው።